የጠፋ የትምህርት ዘመንና የሕዝብ ገንዘብ
(ከሮቢትና ከራያ ቆቦ ቆላ ታሪክ በመነሣት)

መግቢያ

ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት የተጻፉት ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩን የትኛው ትምህርት ቤት በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተከፈተ፣ ማን እንዳስከፈተውና ስንት ተማሪ እንደ ተቀበለ ነው። ትምህርት ቤት ስለ ተዘጋበት ዘመን ግን ብዙ አይባልም፤ ይልቁንም ከተዘጋ በኋላ እንደገና ሲከፈት፣ በመካከሉ የባከነው ጊዜ በምን ዘዴና በማን ገንዘብ እንደሚካካስ መጠየቅ አልተለመደም። የዚህ አጭር ጽሑፍ አሳብ ይህንኑ ጥያቄ ማንሣት ነው።

ለጥያቄው መነሻ የተመረጠችው ሮቢት ናት። ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የራያ ቆቦ ከተማ ስትሆን፣ ዙሪያዋ በስተምሥራቅ ከዞብል ተራሮች፣ በስተምዕራብ ደግሞ ከላስታ ደጋ መካከል የተዘረጋ ሜዳ ነው። ሜዳው ማሽላና ጤፍ ያበቅላል፤ ዝናብ ሲሰምርለት ጎተራው ይሞላል፤ ዝናብ ሲከዳው ግን ሕዝቡ ከቀየው ይነቀላል። ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከደቡብም ወደ ሰሜን ለሚተላለፍ ጦር ሁሉ መንገዱ በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ትምህርት በድርቅም በጦርነትም ሲቋረጥ ምን እንደሚከተል ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። ባለፉት 80 ዓመታት ለትምህርት ቤቶች የተከፋፈለው የሕዝብ ገንዘብ የተለካው በአመዛኙ በቦታው ባለው ነገር ነው፤ ቀድሞ በመሬቱ ልምላሜ፣ ኋላም በተመዘገበው ተማሪ ቁጥር። የጠፋውን የሚለካ መስፈሪያ ግን አልተበጀም። ከዚህም የተነሣ ብዙ የጠፋበት አገር ጥቂት ማግኘቱ በአጋጣሚ የመጣ ሳይሆን የአከፋፈሉ ሥርዐት ያስከተለው ነው።

፩. ከአምስቱ ዓመት ወረራ በኋላ

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከዚህ ሜዳ በስተሰሜን፣ ማይጨው ላይ የተደረገው ጦርነት የኢትዮጵያን ጦር ለሽንፈት ከዳረገ በኋላ ጣሊያን አገሪቱን እስከ 1933 ዓ.ም. ያዘ። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተቋቋሙት፣ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የመሳሰሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሥራቸው ተቋረጠ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት ጀምሮም ተምረው ከነበሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ። ይህ በዘመናዊ ትምህርታችን ታሪክ የመጀመሪያው ታላቅ የትምህርት ኪሳራ ነው ለማለት ይቻላል።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ኪሳራውን ለመተካት የሄደበት መንገድ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጸሓፊ፣ አስተርጓሚ፣ ሒሳብ ሠራተኛና መኰንን አጥተው ስለ ነበረ፣ የተገኘው ጥቂት ገንዘብ በቅድሚያ የዋለው በአዲስ አበባና በጠቅላይ ግዛት ዋና ከተሞች ነው። ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። በዚያ ዘመን በዕድሜው የገፋ ወጣት አንደኛ ክፍል ገብቶ በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል እያለፈ የባከነበትን ጊዜ መመለሱ የተለመደ ነበር። ይህ ግን ትምህርት ቤት ካለበት ከተማ ለተገኘ ሰው ብቻ የሚሠራ መፍትሔ ነበር። በቆላው ያደገ ልጅ የሚያካክሰው የለውም፤ ሲጀመር የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠምና።

በመንግሥት ላይ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። ባዶ እጁን የተነሣ መንግሥት ሁሉን በአንድ ጊዜ ሊያደርስ አይችልም። ነገር ግን ጉድለትን ከላይ የመድፈን ልማድ የተጀመረው በዚያን ጊዜ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ ተመልሰን እናገኘዋለንና።

፪. የትምህርት ግብር

ከላይ የተጀመረውን ሥራ ወደ ባላገሩ ለማውረድ መንግሥት በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር አዋጅ ቁጥር 94ን አወጣ። በአዋጁ መሠረት ባለመሬት ከመሬት ግብሩ በላይ ለትምህርት የሚውል ገንዘብ ይከፍላል፤ ገንዘቡም በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ማስፋፊያ ይውላል። አሳቡ ለጊዜው ታላቅ እርምጃ ነበር። ባላገሩ ግብሩ ለልጁ ትምህርት እንደሚውል በሕግ ተነግሮታልና፣ ትምህርት የቤተ መንግሥት ችሮታ መሆኑ ቀርቶ የግብር ከፋይ መብት ወደ መሆን ተቃረበ።

ይሁን እንጂ መሠረቱ መሬት በመሆኑ የመሬቱን ልዩነት ይዞ መጣ። መሬቱ በጋሻ በተለካበት አገር ሁሉ ግብሩ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ደረጃ ይመደብ ነበር። ለም መሬት የሚበዛበት አውራጃ ብዙ ይከፍላል፤ ብዙ ከከፈለም ለትምህርት ቤት ብዙ ይሰበስባል። ዝናብ የሚያጥረውና ጠፍ የሚበዛበት ቆላ ግን ጥቂት ይከፍላል፤ የሚሰበሰብለትም ጥቂት ነው። በድርቅ ዘመን፣ ማለትም ልጆች ከትምህርት ገበታ በሚነሡበትና እርዳታ በይበልጥ በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ የገንዘቡ ምንጭም አብሮ ይደርቃል። ሕግ አውጪው ይህን አስቦ ያደረገው አይደለም፤ መስፈሪያው ራሱ ወደዚያ የሚያዘነብል ነበር።

፫. ድርቅ፣ ዘመቻና የፊደል ሠራዊት

በ1965 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኃብ የራያና ቆቦን አውራጃ ክፉኛ ጐዳ። ባላገሩ ከብቱን ሸጦ፣ የቤቱን ክዳን ነቅሎ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። የዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ረኃቡን በፎቶግራፍ ለሕዝብ እንዲታይ ማድረጋቸው ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች የታወቀ ነው። በረኃብ ዘመን ስለ ሬሳ ቁጥር ሲነገር ትምህርት ስላቋረጠ ልጅ ማንሣት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከሞት የተረፈው ልጅ ዝናብ ሲመለስ አብሮ ወደ ክፍሉ አይመለስም፤ የተሸጠው በሬ እስኪተካ ድረስ ጉልበቱ ለቤቱ ያስፈልጋል። ስለዚህ የረኃብ ዓመት የትምህርት ኪሳራ ከረኃቡ ዓመት ያልፋል።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ነገሩ በሁለት መልክ ተለወጠ። በመጀመሪያ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ስለ ሆነ የባለመሬት ግብር መሠረቱ ፈረሰ፤ በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅም የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ተተካ። በሁለተኛው፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ።

ዘመቻው ለዚህ ጥናት ልዩ ትርጕም አለው። ከእርሱ በፊትም ሆነ በኋላ መንግሥት ገንዘብ ሲመድብ የሚቈጥረው ትምህርት ቤት የገባውን ነበር። በመሠረተ ትምህርት ግን የተቈጠረው ያልተማረው ነው። ቀበሌው ማንበብ የማይችለውን ሰው መዘገበ፤ አስተማሪው፣ ሰሌዳውና መጽሐፉ የሄዱት መዝገቡ ወዳመለከተው ሥፍራ ነው። ትምህርቱ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ዘመቻውም በ1972 ዓ.ም. ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኘ። አስገዳጅነቱና የፖለቲካ ስብከቱ ሊነቀፍ ይገባዋል፤ ማንበብ ከተማሩት ውስጥ ብዙዎቹ የሚያነቡት አጥተው መርሳታቸውም አይካድም። ቢሆንም፣ ጉድለትን ቈጥሮ በጉድለቱ ልክ ጉልበትና ገንዘብ ማከፋፈል በዚህች አገር ሊደረግ እንደሚቻል አሳይቷል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ከሮቢት በስተሰሜን ያለችው ኮረም በመጠለያዋ በዓለም ሁሉ ስትታወቅ፣ ጦርነቱም ሲበረታ፣ በዚህ አካባቢ የዘመቻው ፍሬ በብዙው ባከነ።

፬. በነፍስ ወከፍ

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በ1986 ዓ.ም. ወጣ። በአገሪቱ የትምህርት ቤትና የተማሪ ቁጥር ከዚያ በፊት ባልታየ ፍጥነት አደገ፤ ይህ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። የትምህርት በጀት ወደ ወረዳ ወረደ፤ የወረዳው የትምህርት ወጪ አብዛኛው ግን ለመምህራን ደመወዝ የሚውል ስለ ሆነ ለሌላ ሥራ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ቁጥሩ ሲያድግ የትምህርቱ ጥራት እየወረደ መምጣቱ ተስተዋለ። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት አንድ ቃል እንኳ በትክክል ለማንበብ አልቻሉም። ይህን ለማረም በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች እርዳታ በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም፣ ለየትምህርት ቤቱ በቀጥታ የሚደርስ ድጎማ አመጣ። ድጎማው የተሰላው በተመዘገበው ተማሪ ቁጥርና በክፍሉ ደረጃ ነው። ርእሰ መምህሩና የወላጆች ኮሚቴ መክረው ለጠመኔ፣ ለመጽሐፍ፣ ለጥገና ያውሉታል። ከመሬት ልምላሜ ይልቅ ልጅን መቍጠር እጅግ የተሻለ ፍትሕ ነው፤ የጠፍ መሬት ልጅና የለም መሬት ልጅ እኩል ሆነዋልና።

ነገር ግን ይህም መስፈሪያ የሚቈጥረው የተገኘውን ነው። ለምሳሌ ያህል 1,000 ተማሪዎች የነበሩት አንድ ትምህርት ቤት በጦርነት ምክንያት ተዘግቶ ሲከፈት 400 ብቻ ቢመለሱለት፣ ድጎማው የሚሰላው በ400 ነው። በዚያው ጊዜ ግን ወንበሩ ተሰባብሯል፤ መጽሐፉ ተቀዳድዷል፤ የተመለሱት 400 ልጆች ያለፈውን ረስተዋል፤ የቀሩት 600ም ተፈልገው መምጣት አለባቸው። ሥራው በዕጥፍ ሲጨምር ገንዘቡ ከግማሽ በታች ይወርዳል። በሰላሙ አገር ፍትሕ የሆነው መስፈሪያ በተጐዳው አገር ቅጣት ይሆናል ማለት ነው።

፭. ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ

ይህ ምሳሌ የወረቀት ስሌት ብቻ አለመሆኑን የራያ ቆቦ የቅርብ ዘመን ታሪክ ያስረዳል። በመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከስምንተኛና ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል በቀር ተማሪው ወደሚቀጥለው ክፍል ያለ ፈተና ተዛወረ። ትምህርት ቤቶች መከፈት በጀመሩበት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሓ አንበጣ የራያ ቆቦን የደረሰ ማሽላ አጠፋ፤ በዚያው ወር መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ቆቦንና አካባቢውን ይዘው እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቈዩ። በአማራ ክልል በሺህ የሚቈጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፣ ተጐዱም። በነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደገና ሲያገረሽ የመጀመሪያው ጦር ሜዳ ይኸው የቆቦ ግንባር ነበር። የፕሪቶሪያ ስምምነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላ ግን በክልሉ በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ግጭት ተነሣ፤ በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ከዚያም በኋላ በክልሉ በሺህ የሚቈጠሩ ትምህርት ቤቶች በራቸው ተዘግቶ ከረመ።

በ2012 ዓ.ም. በ7 ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ የሮቢት ልጅ ቢኖር፣ ፊደል በሚለይበት ወራት ትምህርት ቤቱ ተዘጋበት፤ ሁለተኛ ክፍል አንበጣና ጦርነት ጠበቀው፤ የሦስተኛ ክፍልን የመጀመሪያ መንፈቅ በጦር ሥር አሳለፈ፤ የአራተኛ ክፍል መክፈቻም በተኵስ ተያዘ። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ተማሪ ሳይወድቅ እንዲዛወር ሥርዐቱ ስለሚፈቅድ፣ የክፍል ደረጃው ከፍ ሲል ንባቡ በነበረበት ቀርቶ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ይህን አያሳይም፤ መዝገቡ ላይ የተጻፈው አራተኛ ክፍል መሆኑ ብቻ ነው።

የመንግሥት ገንዘብ በዚህ ጊዜ ወዴት ሄደ? በ2014 ዓ.ም. የዓለም ባንክ በግጭት ለተጐዱ አካባቢዎች መልሶ መቋቋሚያ 300 ሚሊዮን ዶላር እርዳታ አጽድቋል፤ የእርሱ ዓላማ የአገልግሎት መስጫዎችን መጠገንና ተጐጂዎችን መርዳት ነው። የፈረሰ ግድግዳ መጠገን ግን የባከነ ዓመትን መጠገን አይደለም። ለባከነ ትምህርት ተብሎ በግልጥ የተመደበው ታላቁ የመንግሥት ወጪ የታየው በዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በመሆናቸው፣ መንግሥት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያላለፉትን ብዙ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች እያስተማረ የሚያበቃ የማካካሻ ትምህርት፣ በተለምዶ ሬሜዲያል የሚባለውን አቋቋመ። በዚህ ዕድል የተጠቀሙ ጓደኞቻችን ብዙ ናቸውና ጥቅሙን አንክድም። ነገር ግን ይህ በ1930ዎቹ ያየነው፣ ጉድለትን ከላይ የመድፈን ልማድ ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ማንበብ አቅቶት የቀረ ልጅ ለዚህ ማካካሻ አይደርስም።

ለታችኛው ደረጃ የቀረበው ደግሞ በአመዛኙ የሕዝብ መዋጮ ነው። በ2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» የተባለውን ንቅናቄ ሲጀምር ሕዝቡ በገንዘብ፣ በእንጨትና በጉልበት ትምህርት ቤቱን እንዲያሻሽል ጠየቀ። ሕዝቡም በብዙ ሥፍራ አኵሪ ሥራ ሠርቷል። ይሁን እንጂ መዋጮም እንደ ትምህርት ግብሩ አቅምን ይከተላል። ማሽላውን አንበጣ የበላበት፣ ከብቱ የተነዳበት ባላገር ከሰላሙ አገር ባላገር እኩል እንዲያዋጣ መጠበቅ በአዲስ ስም የቀድሞውን መስፈሪያ መመለስ ነው።

፮. የሌላ አገር ልምድ

በመስከረም 1998 ዓ.ም. ሰሜን ፓኪስታንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ትምህርት ቤቶችን በአማካይ 14 ሳምንት ያህል ዘጋ። ከአራት ዓመት በኋላ በተደረገ ጥናት፣ አደጋው በበረታበት አካባቢ የነበሩ ልጆች ከሌሎቹ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ ትምህርት ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ቤተሰቦቻቸው በእርዳታ ተቋቁመው ሳለ የልጆቹ ትምህርት ግን አልተቋቋመም። የጠፋው 14 ሳምንት ሆኖ ሳለ ጉድለቱ ከዓመት በላይ የሆነበትን ምክንያት አጥኚዎቹ እንደሚገምቱት፣ ትምህርቱ የቀደመው ተጠግኖ ሳይያዝ ወደ ፊት ስለ ቀጠለ ልጆቹ ከዕለት ወደ ዕለት እየራቁ ሄደዋል። እናቶቻቸው አንደኛ ደረጃ የጨረሱት ልጆች ግን ከዚህ ጉዳት ተጠብቀዋል። እንግዲህ የ14 ሳምንቱ ጉዳት ይህን ያህል ከሆነ፣ በተከታታይ ዓመታት የተመታው የራያ ቆላ ልጅ ስንት ዓመት እንደሚቀርበት አንባቢ ራሱ ይገምት።

በአሜሪካ ደግሞ ወረርሽኙ ካደረሰው ጉዳት ትምህርት ቤቶች እንዲያገግሙ ምክር ቤቱ በሦስት ዙር 190 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መደበ። የገንዘቡን ብዛት ከእኛ አቅም ጋር ማነጻጸር ከንቱ ነው። ከገንዘቡ ብዛት ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የሕጉ አጻጻፍ ነው። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የወጣው የመጨረሻው ሕግ የየአካባቢው የትምህርት አስተዳደር ከድርሻው ቢያንስ 20 በመቶውን ለባከነ ትምህርት ማካካሻ እንዲያውል ያዝዛል፤ ድርሻውም የተከፋፈለው የድኾች ልጆች በሚበዙበት አካባቢ እንዲበዛ ተደርጎ ነው። በዚህ መሠረት የጠፋ ትምህርት በሕግ የራሱ የሒሳብ ዐምድ አገኘ።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ ብለን እናምናለን።

አንደኛ፣ ተዘግቶ የሚከፈት ትምህርት ቤት ድጎማው ሊሰላለት የሚገባው በተመለሱት ተማሪዎች ቁጥር ሳይሆን፣ ከመዘጋቱ በፊት በነበረው በመጨረሻው ሙሉ ዓመት መዝገብ ነው፤ በዚያም ላይ ለተዘጋበት ሳምንት ሁሉ ተጨማሪ ሊታሰብለት ይገባል። ትምህርት ቤት የተዘጋበትና የተከፈተበት ቀን በወረዳው የታወቀ ስለ ሆነ ለማጭበርበር አይመችም።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሰ መጠየቅ ሳይሆን ምን ማንበብና ምን ማስላት እንደሚችል መመዘን ይሁን። በ1971 ዓ.ም. ያልተማረውን ቈጥሮ መመዝገብ የቻለ አገር ዛሬ አይሳነውም።

ሦስተኛ፣ ተጨማሪው ገንዘብ በይበልጥ ለጊዜና ለመምህር ይዋል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ የተሞከሩት የተፋጠነ ትምህርት መስጫ ክፍሎች፣ ከትምህርት ውጭ የቀሩ ልጆችን በ10 ወር ውስጥ የሦስት ክፍሎችን ትምህርት አስጨርሰው ወደ አራተኛ ክፍል አስገብተዋል። ይህን በሮቢት ለማድረግ የቀን መቍጠሪያው የማሽላውን አጨዳ ማወቅ አለበት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ልጅን ከማሳ ነጥቆ የሚያስቀር ትምህርት ቤት የለምና።

ገንዘብ የለም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን ገንዘቡ ያው መውጣቱ አይቀርም። በአራተኛ ክፍል በጥቂት ወራት ሊካካስ የሚችለውን በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜ በዩኒቨርሲቲ መኝታና ቀለብ ጨምሮ ማካካስ እጅግ ውድ ነው፤ በመካከሉም የቀሩት ይበዛሉ። ሰላም ከሌለ ሁሉም ከንቱ ነው የሚልም ይኖራል፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሰላም ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ይከፈታል፣ ደወሉም ይደወላል፤ በዚያን ቀን የሚመለሱትን ብቻ ቈጥረን ገንዘብ ካከፋፈልን የቀሩት በሒሳባችን ላይ እንዳልነበሩ ይሆናሉ። የራያ ቆላ ልጆች የባከኑባቸውን ዓመታት እነርሱ አላባከኗቸውም፤ ስለዚህ ዕዳው በእነርሱ ስም ሊጻፍ አይገባም።